መጀመሪያ ኳሷን ፈልጉ

በቤዝቦል ሯጩና ተከላካዩ አንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ማን ለማን ይልቀቅ? በተለይ በልጆች ጨዋታ መልሱን ማወቅ ያስደስታል፤ ኳሷ የት እንዳለች ካያችሁ አብዛኛው ነገር ይገለጥላችኋልና።

በ1939 በፔንሲልቫኒያዋ ዊሊያምስፖርት የተጀመረውን ሊትል ሊግ እንውሰድ። በትንንሾቹ ሜዳ ከቤዝ እስከ ቤዝ ያለው ርቀት 60 ጫማ፣ ማለትም ወደ 18 ሜትር ነው። በዚያች አጭር መንገድ ላይ አንዱ ልጅ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፣ ሌላው ደግሞ አንጋጦ ወይም አጎንብሶ ኳስ ኳሱን ያያል።

አሁን ኳሷ ተመትታ መሬት ለመሬት እየመጣች ነው እንበል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚጫወተው ሾርትስቶፕ ጓንቱን ዝቅ አድርጎ ሊቀበላት ተዘጋጅቷል። ሯጩም በዚያው በኩል ወደ ሦስተኛው ቤዝ እየገሰገሰ ነው። እዚህ ላይ መንገዱ የተከላካዩ ነው። ሯጩ በፊቱም ሆነ በኋላው ዞሮ ማለፍ አለበት፤ ቢጋጨው ወይም ቢያደናቅፈው ሆን ብሎ ባይሆንም አውት (ከጨዋታ ውጪ) ይባላል። ብዙ ወላጅ ግን ልጁ ዞሮ ሲያልፍ «ከመስመር ወጣ!» ብሎ ይጮኻል። ሯጩ ከመስመሩ ከ3 ጫማ በላይ እንዳይርቅ የሚከለክለው ገደብ የሚሠራው ግን ኳስ የያዘ ተከላካይ ሊነካው ሲሞክር ሯጩ ለማምለጥ ወደ ጎን ከሸሸ ብቻ ነው። ያን ጊዜም የሚለካው ሯጩ በዚያች ቅጽበት ካለበት ቦታ እስከ ቤዙ ባለው ቀጥታ መስመር ነው። ለተከላካይ መንገድ የለቀቀ ልጅ ምንም አላጠፋም፤ እንዲያውም ሊመሰገን ይገባዋል!

ተከላካዩ ኳስ ሳይዝ መንገድ ላይ ቢገተርስ? መብቱ ወደ ሯጩ ይዞራል። በሊትል ሊግ «ኳሷ ወደ እኔ እየተወረወረች ነበር» ማለት ብቻውን አያድንም፤ ሯጩ በዚህ ሰበብ የቀረበትን ቤዝ ዳኛው ይሰጠዋል።

ሦስተኛው ሁኔታ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ተከላካዩ ኳሷን ይዞ ሊነካው ቆሞ ሲጠብቅ ሯጩ የግድ ይንሸራተት የሚል ሕግ በሊትል ሊግ የለም። ወይ ይንሸራተታል፣ ወይ ዞሮ ለማለፍ ይሞክራል፤ ሁለቱንም ትቶ ከገባበት አውት ነው። በትንንሾቹ ምድብ ወደፊት ሲሄዱ በጭንቅላት መንሸራተትም ክልክል ነው፤ ወደ ነበሩበት ቤዝ ሲመለሱ ግን ይፈቀዳል።

ትልልቆቹ እንኳ ግጭትን መከላከል የተማሩት በጉዳት ነው። በ2011 የሳን ፍራንሲስኮው ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ኳስ የሚይዘው ተጫዋች) በስተር ፖዚ ሆም ፕሌት (የመጨረሻው ቤዝ) ላይ ከሯጭ ጋር ተጋጭቶ እግሩ ተሰበረ፤ የዓመቱ ጨዋታም በዚያው አበቃለት። በ2014 ሜጀር ሊግ በሆም ፕሌት ላይ ግጭትን የሚገድብ ሕግ አወጣ።

የመጀመሪያው ቤዝ ለብቻው መታየት አለበት፤ መቺው እዚያ ሳይቆም አልፎት መሮጥ ይችላልና ሁለቱ ልጆች በአንድ ጊዜ አንድ ቤዝ ሊረግጡ ይመጣሉ። ስለዚህ አንዳንድ ሊጎች መንታ ቤዝ ያነጥፋሉ፦ ነጩ ለተከላካዩ፣ ከመስመሩ ውጭ ያለው ብርቱካናማ ለሯጩ።