ግማሽ ጨረቃ የነበረበት የቪየና ማማ



በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና መሃል 136 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ማማ አለ። የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ደቡባዊ ማማ ነው፤ የከተማው ሰው በቁልምጫ «ሽቴፍል» ይለዋል። አየር መንገዳችን ወደ ቪየና ስለሚበር፣ ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ አውሮፓ ስንሄድ አንዳንዶቻችን በዚያ ማለፋችን አይቀርም። የዚህ ማማ ጫፍ ደግሞ እኛን በተለይ የሚመለከት ታሪክ አለው፤ ለ167 ዓመታት ግማሽ ጨረቃና ኮከብ ተሰቅሎበት ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ምልክቱ ከየት መጣ? በሰፊው የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ሱልጣን ሱለይማን ቪየናን በከበቡ ጊዜ «ጨረቃ ስቀሉበትና ማማውን በመድፍ አልመታም» አሉ፣ የከተማው ሰዎችም ሰቀሉ። ለጆሯችን ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን ቀኑ አይገጥምም። ምልክቱ የተሰቀለው በ1519 ነው። ሱለይማን የነገሡት በ1520፣ ቪየናን የከበቡት በ1529 ነው። ምልክቱ ሲሰቀል በኢስታንቡል ዙፋን ላይ የነበሩት አባታቸው ቀዳማዊ ሰሊም ነበሩ። የተሰጠውም ትርጉም ሌላ ነው፤ ኮከቡ እንደ ፀሐይ ሆኖ የጳጳሱን፣ ጨረቃው የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ያመለክታል ተብሎ ይተረጎማል። ኋላ ግን የኦቶማን ጦር በ1683 ዳግመኛ መጥቶ ከተማዋን ሲከብብ፣ ሕዝቡ የገዛ ማማውን ቀና ብሎ ባየ ቁጥር የጠላቱን ምልክት ያየ መሰለው። በ1686 አውርደው በምትኩ መስቀል አደረጉበት። እኛ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ የታዘዝን ሰዎች ነን፤ የሚያኮራን ወሬ ሲሆንም ማጣራቱ አይቀርልንም።

ወደ ግንባታው እንምጣ፤ የምህንድስና ልጆች እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ አትፍረዱብን። ማማው በ1359 ተጀምሮ በ1433 አለቀ። 74 ዓመት ማለት ነው። መሠረቱን ካቆሙት ሰዎች ጫፉን ያየ አለ ማለት ያስቸግራል። ብረት የለበትም ብንል ማጋነን ይሆናል፤ ሸክሙን የሚችለው ግን ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ደካማ ነው። ንፋስ ረጅም ማማን ወደ ጎን ሲገፋው በአንዱ በኩል ሊስበው፣ በሌላው በኩል ሊጫነው ይሞክራል። ድንጋዩ እንዳይሰነጠቅ የማማው ክብደት የንፋሱን ግፊት ማሸነፍ አለበት። የጎቲክ ግንበኞች ስሌቱን በቀመር አልጻፉትም፤ በቅርጹ ግን ይነበባል። ከታች ሰፊና አራት ማዕዘን፣ ወደ ላይ ሲሄድ ባለ ስምንት ጎን፣ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ጫፍ ይሆናል። ለጌጥ ብቻ የሚመስሉት ሾጣጣ የድንጋይ ቁንጮዎች እንኳ ሥራ አላቸው፤ ክብደታቸው ከታች ያለውን ድጋፍ ወደ መሬት ይጫነዋል። የሾለው ቅስትም ከክብ ቅስት ይልቅ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ያነሰ ነው።

በሰሜን በኩል መንትያ ማማ ታስቦለት ነበር። በ1511 ሥራው ቆመ፤ በ1578 ትንሽ ጉልላት ደፍተውበት በግማሽ ቁመቱ ቀረ። ያላለቀ ሕንፃ የሰፈራችን ችግር ብቻ አይደለም።

ደቡቡን ማማ መውጣት የሚፈልግ ሰው በእግሩ ነው የሚወጣው። ደረጃዎቹ 343 ናቸው፤ ጠባብና ጠምዛዛ። አንዷን ደረጃ 20 ሳንቲ ሜትር ብንላት 68 ሜትር ከግማሽ ያህል ይመጣል፤ የማማው ግማሽ ገደማ። ዶርም ውስጥ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን አራተኛ ፎቅ ለምንወጣ፣ ይህ ከሃያ ፎቅ በላይ ነው፤ ያውም ያለ ጀሪካን። የሚደረስበት ክፍል የጠባቂዎች ቤት ነበር። እስከ 1955 ድረስ ዘበኞች እዚያ ተቀምጠው ከተማዋ ውስጥ እሳት ሲነሳ ይጠቁሙ ነበር።

ከዚያ ቁልቁል ሲታይ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው የካቴድራሉ ጣሪያ ነው፤ 230 ሺህ ያህል ባለ ቀለም ሸክላዎች የተነጠፉበት። በሥሩ የነበረው የእንጨት ጣሪያ ሚያዝያ 1945 በጦርነቱ ማብቂያ ተቃጥሎ በብረት ተተካ። ራቅ ብሎ የከተማዋን መሃል የሚከብበው ሰፊ ጎዳና ይታያል። የድሮው ግንብ የነበረው በዚያ መስመር ነው፤ በ1857 ንጉሠ ነገሥቱ እንዲፈርስ አዘዙ።

በ1683 ግን ግንቡ ቆሞ ነበር። የከተማዋ አዛዥ ሽታረምቤርግ የቀራ ሙስጠፋ ፓሻን ሰፈር ከዚህ ማማ ላይ ሆነው ይቃኙ ነበር፤ በስማቸው የሚጠራ የድንጋይ መቀመጫ ዛሬም ማማው ውስጥ አለ። ሌሊት ሌሊት ከማማው ሮኬት እየተኮሱ ለሚጠብቁት ረዳት ጦር የድረሱልን ምልክት ይሰጡ ነበር። ማማው የማያሳያቸው አንድ ነገር ነበር፤ ኦቶማኖች ከምድር በታች ዋሻ እየቆፈሩ በግንቡ ሥር ባሩድ ያፈነዱ ነበር። ከሁለት ወር ከበባ በኋላ መስከረም 12 ረዳቱ ጦር በሰሜን ምዕራብ ካለው የካለንቤርግ ኮረብታ ወርዶ ከበባው ተሰበረ። ከተማረኩት መድፎች በ1711 ትልቅ ደወል ተሠራ፤ ደወሉ በ1945ቱ እሳት ወድቆ ተሰባበረ። ከስብርባሪው በ1951 እንደገና የተቀለጠው፣ 20 ቶን ያህል የሚመዝነው ደወል አሁን በአጭሩ በሰሜኑ ማማ ውስጥ ነው። የኦቶማን መድፍ ነሐስ ሁለት ጊዜ ቀልጦ ዛሬም ይጮኻል።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ታሪኩ ከበባ ብቻ እንዳይመስለው ፊቱን ወደ ዳኑብ ወንዝ ያዙር። ከወንዙ ማዶ፣ 32 ሜትር ሚናራ ያለው የቪየና እስላማዊ ማዕከል በ1979 ተከፍቷል። ኦስትሪያ እስልምናን በሕግ ያወቀችው ግን ከዚያ በፊት፣ በ1912 ነው፤ ቦስኒያን ወደ ግዛቷ ስትጠቀልል የቦስኒያ ሙስሊሞች ዜጎቿ ሆነው ነበርና። ዓርብ ቀን ማማውን የወጣን እንደሆነ፣ በምድር ውስጥ ባቡር ወንዙን ተሻግረን ለጁሙዓ መድረስ እንችላለን፤ ጉልበታችን ከ343 ደረጃ ከተረፈ።