ስለ ካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦ፤ ሲያፈስ በሹፌሩ እጅ ስለ መለወጡ

የዋግ ኽምራ አገር ደጋና ቆላ የተቀራረቡበት ነው። የሰቆጣ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዝቋላና በአበርገሌ ወረዳዎች በኩል ወደ ተከዜ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከዚያ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከሰቆጣ ተነሥቶ ለባለአገሩ ዘር ወይም ለመንጋው ክትባት የሚያደርስ ፒክአፕ፣ ጧት የወረደውን ቁልቁለት ማታ በዝግታ መውጣት ግዴታው ነው።

ይህ መኪና በመንገድ ላይ ቢቆም ጉዳቱ የመኪናው ብቻ አይደለም። የዋግ ክረምት አጭር ነው፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልተዘራ ዘር ለዓመቱ አይጠቅምም። እንደዚሁም ለፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ የሚሰጠው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ መኪናው በቆላ ሙቀት ቆሞ የሣጥኑ በረዶ ከቀለጠ ክትባቱ ኃይሉን ያጣል። እንዲህ ያለውን ክትባት የተወጋ ፍየል እንዳልተወጋ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ከአንድ ክንድ የማይረዝም የጎማ ቱቦ ነው።

ካምቢዮ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሹፌሩ ፍሪሲዮን እየረገጠ በእጁ የሚለውጠው ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ቱቦ በተለመደው እንዲህ ባለው ካምቢዮ ላይ አይገኝም። ሁለተኛው በራሱ የሚለውጥ፣ አውቶማቲክ የሚባለው ነው። በዚህኛው የሞተሩ ኃይል ወደ ማርሹ የሚተላለፈው በሚሽከረከር ዘይት አማካይነት ስለ ሆነ፣ መኪናው ጭነት ከብዶት ዳገት ሲወጣ ዘይቱ እየተፋተገ ይግላል። ፓምፑም የጋለውን ዘይት በአንድ ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ይልካል፤ ቀዝቅዞም በሌላ ቱቦ ይመለሳል። ቱቦዎቹ በብዙው ርዝመታቸው ብረት ናቸው፤ ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥ ግን ጫፋቸው በጎማ ይያያዛል። ጎማው በሙቀትና በዘመን ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ የሚያስረው ፋሸታም ይላላል። በሰቆጣ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ስለ ሆነ፣ ራዲያተሩ ሙቀትን የማስወጣት ኃይሉ ይቀንሳል፤ ቱቦውም የበለጠ ይደክማል።

ምልክቱ በራዲያተሩ ሥር የሚንጠባጠብ ቀይ ዘይት ነው። የመሪው ዘይትም አንዳንድ ጊዜ ቀይ ስለ ሆነ፣ ቦታውን በጨርቅ አድርቆ፣ ሞተሩን ጥቂት ጊዜ አስነሥቶ፣ ፍሳሹ ከየት እንደሚጀምር መመልከት ያስፈልጋል። በጉዞ ላይ ፍሳሹ በርትቶ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ይገባል፤ ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ውጭ መግፋቱን አይተውምና። ዘይቱ የጎደለበት ካምቢዮ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ይላል፤ በዚህ ሁኔታ የተነዳም እንደ ሆነ በውስጡ ያሉት ዲስኮች ይቃጠላሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የቆመውን መኪና የሚነዱት ጎማዎቹ መሬት እየነኩ በገመድ መጎተትም ካምቢዮውን ያለ ዘይት ስለሚያዞረው በብርቱ ይጎዳዋል።

ለመለወጥ የሚያስፈልገው ቱቦ ለካምቢዮ ዘይት ተብሎ የተሠራው ነው፤ ኤስ ኤ ኢ ጄ 1532 የሚል ምልክት ያለው ለዚህ ሥራ የተመደበ ነው። የራዲያተር ውኃ ቱቦ በዘይት አብጦ ስለሚለሰልስ በምትኩ አይገባም። የውስጡ ስፋት ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ነው፤ ይሁን እንጂ አሮጌውን ለክቶ ልኩን መያዝ ይሻላል። ፋሸታዎቹም አዲስ ይሁኑ።

ሥራው እንደሚከተለው ነው። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ይደረጋል። የጋለ ዘይት ሥጋ ስለሚያቃጥል ሞተሩ እስኪበርድ ይጠበቃል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው አይግባ። በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያለው አቧራ አስቀድሞ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ወደ ካምቢዮ የገባ ጥቂት አሸዋ ብዙ ጥፋት ያደርሳልና። ሳፋ ከሥር ተደርጎ ፋሸታው በካቻቢቴ ወይም በፒንሳ ይላላል፤ ቱቦውም በእጅ እየተጠመዘዘ ይወጣል። እምቢ ያለ እንደ ሆነ ብረቱን ሳይነኩ ጎማውን በቢላዋ በርዝመቱ መሰንጠቅ ነው፤ በካቻቢቴ መፈንቀል የራዲያተሩን አፍ ይሰብራል። አዲሱ ቱቦ ውስጡ በዚያው ዘይት ተቀብቶ የብረቱን ጉብታ አልፎ 3 ሴንቲሜትር ያህል እንዲገባ ይገፋል፤ ፋሸታውም ከጉብታው ወዲህ፣ ጎማው በብረቱ ላይ በተኛበት ስፍራ ይታሰራል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። ቱቦው እንዳይታጠፍ፣ ቬንትሌተሩንና የጭሱን ቧንቧም እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል። አንዱ ካረጀ ሁለተኛውም እኩያው ስለ ሆነ ሁለቱን አብሮ መለወጥ ይመረጣል።

ከዚህ በኋላ በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ዓይነት ዘይት ይጨመራል፤ ሌላ ዓይነት አይደባለቅም። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፣ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ፣ ማርሹን በየቦታው ማሳለፍና መገጣጠሚያውን መመርመር ነው። መለኪያ ዘንግ ባለው መኪና ልኩ የሚታየው መጽሐፉ እንደሚያዘው ነው፤ ብዙ ጊዜም ዘይቱ ከጋለ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ነው። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ዘንግ ስለሌላቸው፣ ለእነርሱ የፈሰሰውን ያህል ለክቶ ጨምሮ በቅርብ ጊዜ በጋራዥ ማስመርመር ያስፈልጋል። ከአጭር ጉዞ በኋላም ቱቦው እንደ ገና ይታይ። የፈሰሰው ዘይት ውኃንና እርሻን ስለሚያበላሽ በጀሪካን ተከድኖ ይቀመጥ።

ሹፌሩ ሊነካው የማይገባም ብልሽት አለ። በራዲያተሩ ውኃ ውስጥ ዘይት ከታየ፣ ወይም የካምቢዮው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከተገኘ፣ ራዲያተሩ በውስጡ ተበስቷል ማለት ነው። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣም ጉዳቱ ወደ ካምቢዮው ገብቷል። እንዲህ ያለው መኪና ሞተሩ ሳይነሣ በጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ጋራዥ መሄድ አለበት።

እንግዲህ የሹማምንቱ ድርሻ የትኛው ነው ቢባል፣ ሹፌሩ ይህን ትንሽ ሥራ በጊዜው እንዲሠራ አስቀድሞ ማሰናዳት ነው። ቱቦው ካፈሰሰ በኋላ ስለ ግዥው ደብዳቤ መጻጻፍ የዘር ጊዜን ያሳልፋል፤ ሹፌሩም ትእዛዝ ፈርቶ በሚያፈስ ካምቢዮ ቢነዳ በጥቂት ገንዘብ የሚበጀው ነገር የካምቢዮ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ አውቶማቲክ መኪና ውስጥ 1 ሜትር ቱቦ፣ 4 ፋሸታ፣ 4 ሊትር ተገቢ ዘይት፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቢላዋና ሳፋ ይኑር። ሹፌሩ በመንገድ ላይ እንዲለውጥ የጽሑፍ ፈቃድ ይሰጠው፤ የለወጠበትም ቀንና ኪሎሜትር በመዝገብ ይጻፍ። ትምህርቱንም በግንቦት ወር፣ ዝናብ ሳይጀምር፣ ከመካኒክ ጋር አንድ ጊዜ በእጁ ሠርቶ ይማረው። የራሳቸው መኪና ያላቸው ባለንብረቶችም ይህንኑ ቢያደርጉ ይጠቀማሉ። ካምቢዮን ለመለወጥ የሚወጣው ገንዘብ ከበጀት ሊተካ ይችላል፤ የሐምሌ ዝናብ ግን ካለፈ ለዚያ ዓመት አይመለስም።