የላፕቶፕን የግራፊክስ ካርድ ለቨርቹዋል ማሽን ስለ ማስረከብ

በቤታችን ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን ሁለት ነን። እኔ ፕሮግራም መጻፍ የምማረው በሊኑክስ ነው። አርክቴክቸር የምታጠናው ታላቅ እኅቴ ደግሞ ንድፍ የምትሠራበት ፕሮግራም ያለ ዊንዶውስ አይከፈትም። ስለዚህ በየማታው አንዳችን የሌላውን ሥራ ዘግተን ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣትና መነታረክ ልማዳችን ሆኖ ነበር። ለዚህ ያገኘሁትን መላ፥ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ቀጥዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም የተሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ማለት ነው። በውስጡ የተጫነው ዊንዶውስ የራሱ ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያለው ይመስለዋል እንጂ ሁሉም ከሊኑክስ የተቆረሰለት ነው። ይህን የሚያደርገው ኬ.ቪ.ኤም. በ2007 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ ጋር ተዋሐደ። ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ማካፈል ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ ሥዕሉ ላይ ነው፤ ለቨርቹዋል ማሽኑ የሚሰጠው የግራፊክስ ካርድ የይስሙላ ስለ ሆነ፥ የእኅቴ ባለ ሦስት አውታር ሕንፃ ሲዞር እንደ ደከመ በቅሎ ይጎተት ነበር።

ነገር ግን ላፕቶፓችን ሁለት የግራፊክስ ካርድ አለው። አንደኛው ከኢንቴል ፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ሲሆን፥ ሁለተኛው ለብቻው የቆመ ኃይለኛ የኤንቪዲያ ካርድ ነው። ታዲያ ሊኑክስ በመጀመሪያው እየሠራ ሁለተኛውን እንዳለ ለቨርቹዋል ማሽኑ ቢያስረክብስ?

«ይህ ምን ይከብዳል?» የሚል አይጠፋም። የግራፊክስ ካርድ ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር ከሜሞሪ በቀጥታ ያነባል፥ ይጽፋልም። በቨርቹዋል ማሽን ያለው ዊንዶውስ የሚያውቀው የሜሞሪ አድራሻ ደግሞ እውነተኛው አይደለም፤ ካርዱ እርሱን አምኖ ቢጽፍ የሊኑክስን ሜሞሪ ባበላሸ ነበር። ይህን የሚከላከለው አይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ. የተባለው ክፍል ነው፤ ኢንቴል ቪ.ቲ.ዲ. ይለዋል። እንደ በር ጠባቂ ቆሞ አድራሻውን ወደ እውነተኛው እየለወጠ፥ ካርዱ ካልተፈቀደለት ቦታ እንዳይደርስ ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ይህን በባዮስ መክፈት ያስፈልጋል። ቀጥሎም ሊኑክስ ሲነሣ የተለመደው ድራይቨር ካርዱን ሳይዘው በፊት፥ ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. የተባለው ድራይቨር እንዲይዘው የካርዱ መለያ ቁጥር ይጻፍለታል።

የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። በኤንቪዲያው ፈንታ የኢንቴሉን ቁጥር ጻፍሁ። ላፕቶፑ ተነሣ፤ ስክሪኑ ግን ጨለመ። ዲስኩ ጠባብ ስለ ሆነ ዊንዶውሱን ከነንድፉ ወደ ቨርቹዋል ማሽኑ አዛውሬው ነበር፤ እኅቴ ሥራዋን ልታስረክብ የቀራት ሁለት ቀን ነው። እናታችን «ያልታመመውን ስታክም ገደልኸው» አሉኝ። እኅቴ ግን ምንም አልተናገረችም፤ ይህ ይብስ ነበር። በእውነቱ ላፕቶፑ ደኅና ነው፤ ሥዕል የሚያሳይበት ካርድ ስለ ተወሰደበት ብቻ ታወረ። ደግሞ ሳስነሣው የመነሻው ምርጫ ስለ ታየኝ፥ ከትእዛዙ መስመር ላይ ያን ቁጥር ደመሰስሁና ብርሃን ሆነ።

በላፕቶፕ ሌላም ጣጣ አለ። በብዙዎቹ ስክሪኑ የተያያዘው ከኢንቴሉ ጋር ስለ ሆነ የኤንቪዲያው ሥዕል መውጫ ያጣል። በእኛ ላፕቶፕ የኤች.ዲ.ኤም.አይ. ቀዳዳ ከኤንቪዲያው ጋር መገናኘቱ ዕድላችን ነው፤ እንዲህ ላልሆነላቸው ሉኪንግ ግላስ የተባለው ፕሮግራም ሥዕሉን በጋራ ሜሞሪ ያሻግራል። የኤንቪዲያ ድራይቨርም እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን ሲያውቅ ስሕተት 43 ብሎ ይቆም ነበር። በአንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪ ካላየ እንቢ ስለሚል የውሸት ባትሪ ይሠራለታል፤ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

አሁን እኅቴ አባታችን ባመጡልን አሮጌ ሞኒተር፥ በራሷ ኪቦርድና ማውስ ትሠራለች፤ እኔም በዚያው ሰዓት በላፕቶፑ እጽፋለሁ። የቀረን ክርክር የሜሞሪ ነው፤ ካለን 16 ጊጋባይት 10ሩን ወስዳ ሁለት ጨምርልኝ ትላለች።