እብጠት የሚያወርደውን ክኒን ስሙን ዕወቁ!

በሐራ ቆላ ማሽላ ሲያጭድ፣ እርከን ሲክብ የዋለ ሰው ወገቡንና ጉልበቱን ያመዋል። ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሕመሙ ሲጠና ጎረቤት «እኔን ያሻለኝ ይኸ ነው» ብሎ ክኒን ይሰጣል። እብጠቱ ይወርዳል፤ ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል። ታዲያ ምን ክፋት አለው? እስቲ አብረን እንመልከት።

እብጠትና ቁርጥማት የሚያስታግሱ መድኃኒቶች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ናቸው። እነዚህ ሲዘወተሩ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ሁለተኛው ወገን ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ናቸው። ስኳርንና አጥንትን የሚነኩት እነዚህ ናቸው።

የዚህ የሁለተኛው ወገን መድኃኒት ለቁርጥማት በመጀመሪያ የተሞከረው በ1941 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ነው። መገጣጠሚያዋ ታሞ መራመድ ያቃታት ሴት በጥቂት ቀን ውስጥ ተራመደች። ሰው ሁሉ ተደነቀ። ቆይቶ ግን ብዙ የወሰዱት በሌላ በሽታ ተያዙ።

መድኃኒቱ ጠላት አይደለም። በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነርቭ እንዳይጎዳ ፕሬድኒሶሎን ይሰጣል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ጤና ሚኒስቴር በኮሮና ክፉኛ ለታመሙ ሰዎች ዴክሳሜታዞን እንዲሰጥ መክሯል። ሐኪም ግን መጠኑን ይወስናል፤ ስኳሩን ይመረምራል። ከጎረቤት ተቀብሎ ለሚውጥ ሰው ይህን ማን ያደርግለታል?

ስኳር እንዴት ይጨምራል?

ክኒኑ ጉበትን «ስኳር ወደ ደም ልቀቅ» ይለዋል። ጡንቻ ደግሞ ስኳሩን አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይብስበታል። ያልነበረበትም ሊያዝ ይችላል። ውኃ ቶሎ ቶሎ ከጠማችሁ፣ ሽንት ከበዛባችሁ፣ ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ ቁስል አልድን ካላችሁ ተመርመሩ። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ነው።

አጥንት እንዴት ይሳሳል?

አጥንት እንደ እርከን ነው። በየጊዜው ይፈርሳል፤ በየጊዜው ይካባል። ክኒኑ ካቢውን ያሰንፈዋል፤ አፍራሹ ግን ሥራውን ይቀጥላል። አጥንት የሚጠነክርበትን ካልሲየምም አንጀት በደንብ እንዳይቀበል ያደርጋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚሳሳው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ሰውየው ምንም ሕመም አይሰማውም። ከዚያ በትንሽ መውደቅ አጥንት ይሰበራል፤ ወገብም ይጎብጣል። ጉልበቴን ያድንልኛል ብሎ የዋጠው ክኒን ከእርሻው ያስቀረዋል።

ምን እናድርግ?

1. የሌላ ሰው ክኒን አትዋጡ። የራሳችሁንም ለሌላ አትስጡ።

2. የክኒኑ ስም በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ ይመጣል። ባለሙያውን «ስሙን በአማርኛ ጻፍልኝ» በሉት። ወረቀቱን አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ለሐኪሙ አሳዩ።

3. ስኳር ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

4. ለብዙ ሳምንት ስትወስዱ ከቆያችሁ በድንገት አታቋርጡ! ሰውነት ራሱ ይህን የሚመስል ነገር ከኩላሊት በላይ ባሉ ትንንሽ ዕጢዎች ይሠራል። ክኒኑ ሲዘወተር ዕጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ክኒኑ ድንገት ሲቀር ሰውነት ይዝላል፤ ያስታውካል፤ ለሞትም ያደርሳል። ሐኪም በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስላችሁ።

5. ወተት፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራና የፀሐይ ብርሃን ለአጥንት ይረዳሉ። ሐኪም ያዘዘውን ግን አይተኩም።

ሕመሙ ካልለቀቃችሁ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ወልዲያ ሆስፒታል ሂዱ።

ፕሬድኒሶሎን። ዴክሳሜታዞን። እነዚህን ሁለት ስሞች ደግማችሁ አንብቡ፤ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት። ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህም ጭምር ነው።