በዋልካና በቀይ አፈር መካከል፦ የግንባታ ቴክኖሎጂ ሥልጠና በምዕራብ ጎጃም

መግቢያ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጠባያቸው ፈጽሞ የተለያየ ሁለት የአፈር ዓይነቶችን ያቋርጣል። ከፍ ባለውና ውኃ በማይቋጥረው ቦታ ቀይ አፈር፣ ውኃ በሚተኛበት ለጥ ያለ ሜዳ ደግሞ ገበሬው ዋልካ የሚለው ጥቁር አፈር ይገኛል። ከአውራ ጎዳናው ወደ ቀበሌ የሚገነጠል መንገድ፣ የትምህርት ቤት ተጨማሪ ክፍል ወይም የጤና ኬላ ሲሠራ አፈሩን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በቦታው መኖሩ ወይም አለመኖሩ የግንባታውን ዕድሜ ይወስናል። በትንንሽ ሥራዎች ላይ ይህን ኃላፊነት በተግባር የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ መሐንዲሱ ሳይሆን ከኮሌጅ በደረጃ ተመርቆ የወጣው የግንባታ ቴክኒሽያን ነው። ይህ ጽሑፍ የቴክኒሽያኑ ሥልጠና ከአካባቢው አፈር ጠባይ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ፣ የት ላይ እንደሚላቀቅም ያብራራል።

የሥልጠናው ሥርዓት

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የሕንፃ ግንባታ ትምህርት ረዘም ያለ ታሪክ አለው። የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ሲመሠረት ማስተማርን ከግንባታ ዕቃ ፍተሻና ምርምር ጋር በአንድነት የያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክም መካከለኛ ባለሙያ የማፍራትን ሐሳብ ወደ ጎጃም አመጣ።

የዛሬው ሥርዓት ግን በዋናነት የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 391/1996፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂና እነርሱን ተከትሎ የመጣው አዋጅ ቁጥር 954/2008 ውጤት ነው። የስትራቴጂው መሠረታዊ ለውጥ ሥልጠናን በተማሩት ሰዓት ሳይሆን በተጨበጠው ብቃት መለካቱ ነው። በዚህም መሠረት ለእያንዳንዱ ሙያ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 የሚዘልቅ የሙያ ደረጃ ይዘጋጃል፤ ሠልጣኙ በኮሌጅና በሥራ ቦታ ተፈራርቆ በትብብር ይሠለጥናል፤ በመጨረሻም ከአሠልጣኙ ተቋም ውጭ በሆነ የብቃት ምዘና ይፈተናል። ብቃቱ በየትም ይገኝ በየት ሊመዘን የሚችል በመሆኑ፣ ኮሌጅ ያልገባ ግንበኛ እንኳ ለምዘና የመቅረብ ዕድል አለው።

ሥርዓቱ አገር አቀፍ እንደመሆኑ የሙያ ደረጃውም ለሁሉም አካባቢ አንድ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ልኬት፣ ንድፍ ማንበብ፣ ኮንክሪት ማዘጋጀት፣ ብረት ማሰርና የሥራ መጠን ማስላት በድሬዳዋም በደምበጫም ብዙ ልዩነት የላቸውም። አፈር ግን እንደዚያ አይደለም።

የሁለቱ አፈሮች ጠባይ

ጥቁሩ አፈር በሳይንሳዊ ምደባ ቨርቲሶል ይባላል፤ በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል። የሚታወቀው ሞንትሞሪሎናይትን በመሰለ የሸክላ ማዕድን ብዛት ነው። የዚህ ማዕድን ቅንጣት እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ስስ ሽፋኖች ያሉት ሲሆን፣ ውኃ በሽፋኖቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። በበጋ ዋልካ መሬት ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታየው፣ በክረምት ደግሞ ያው መሬት ሰውንም ከብትንም የሚይዝ ጭቃ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ቀላል ሕንፃ ከእብጠቱ ግፊት ያነሰ ክብደት ስላለው በክረምት ሊነሣ፣ በበጋ ሊወርድ ይችላል። እንቅስቃሴው በሁሉም ማዕዘን እኩል ቢሆን ጉዳቱ ባነሰ ነበር። ነገር ግን ጣሪያ ውኃ የሚያንጠባጥብበት ጎን ይበልጥ ይረጥባል፤ ባሕር ዛፍ የተተከለበት ጎን ይበልጥ ይደርቃል። ግድግዳው ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሰነጠቀው ከዚህ የእኩልነት ማጣት የተነሣ ነው። ዛፉ ሲቆረጥም ችግሩ ወዲያው አይቆምም፤ ሥሩ ያደረቀው አፈር እንደገና ውኃ ስለሚጠጣ በተራው ያብጣል። በመንገድም ላይ መሐሉ በአንጻሩ እርጥበቱን ጠብቆ ሲቆይ ጠርዙ ከወቅቱ ጋር ስለሚለዋወጥ፣ በመንገዱ ርዝመት የሚሄድ ስንጥቅ ከትከሻው ይጀምራል።

ቀዩ አፈር፣ በተለይም ኒቲሶል የሚባለው፣ እንደ ካኦሊናይትና ሃሎይሳይት ያሉ እምብዛም የማያብጡ ማዕድናት አሉት፤ የብረት ኦክሳይድም ቅንጣቶቹን አጣብቆ ጠንካራ ጓል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ የሸክላ መጠኑ ከፍተኛ ቢሆንም ውኃ ያሳልፋል፤ ጥሩ መሠረትም ይሆናል። ካርል ቴርዛጊ በኬንያ የሳሱሙአን ግድብ ቀይ አፈር መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1958 እንዳሳየው፣ የተለመደው የላቦራቶሪ መለኪያ ብቻውን ቢታይ እንዲህ ያለውን አፈር ያለ አግባብ ሊያስጥል ይችላል። ናሙናው በምድጃ ሲደርቅ ወይም ለረዥም ጊዜ ሲቦካ ተፈጥሯዊ ጓሉ ስለሚለወጥ ውጤቱም ይለወጣል። እንግዲህ ቀዩን አፈር የሚፈትን ሠልጣኝ ናሙናውን ከተፈጥሮ እርጥበቱ ሳያደርቅ መጀመርን፣ የማቡካቱንም ጊዜ መመዝገብን መማር አለበት።

በቦታ ላይ የሚቻል ፍተሻ

ለዚህ ሁሉ ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በመጀመሪያ፣ የነጻ እብጠት ፍተሻ በአንድ ባለ 100 ሚሊ ሊትር መስፈሪያ ብርጭቆ ይሠራል። የደረቀና የተነፋ 10 ኩብ ሴንቲ ሜትር አፈር ውኃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመራል፤ ሲረጋም መጠኑ ይነበባል። አፈሩ 20 ኩብ ሴንቲ ሜትር ከደረሰ እብጠቱ 100 በመቶ ነው፤ ከዚህ በላይ የሆነ አፈር በቀላል ሕንፃ ሥር አደገኛ ሲሆን፣ ከ50 በመቶ በታች የሆነው እምብዛም አያሳስብም።

ሁለተኛው ዲ.ሲ.ፒ. በመባል የሚታወቀው መሣሪያ ነው። 8 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ575 ሚሊ ሜትር ከፍታ እየወደቀ የ60 ዲግሪ ሾጣጣ ጫፍ ያለውን ዘንግ ወደ መሬት ይነዳል፤ በአንድ ምት የገባው ጥልቀትም ይለካል። በተለመደው የእንግሊዝ የትራንስፖርት ምርምር ላቦራቶሪ ቀመር በምት 20 ሚሊ ሜትር የሚገባበት አፈር የመሸከም አቅሙ በሲ.ቢ.አር. ወደ 13 በመቶ፣ 60 ሚሊ ሜትር የሚገባበት ደግሞ ወደ 4 በመቶ ይሆናል። የኢትዮጵያ የመንገድ ንድፍ መመሪያ በ2002 እ.ኤ.አ. እትሙ የመንገድ አልጋን ከ2 በመቶ እስከ 30 በመቶና ከዚያ በላይ በስድስት መደብ ስለሚከፍል፣ በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ልዩነት የሚለብሰውን የገረጋንቲ ውፍረት በቀጥታ ይለውጣል።

ሠልጣኙ የማያየው ወቅት

ችግሩ ያለው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። በምዕራብ ጎጃም ግንባታ የበጋ ሥራ ነው፤ የትብብር ሥልጠናውም ሥራ ባለበት ወቅት መካሄዱ ግድ ነው። በመጋቢት የሚለካ ዋልካ ደግሞ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው። ያው ዲ.ሲ.ፒ. በሐምሌ ቢነዳ ንባቡ እጅግ የተለየ ይሆናል። በበጋው ንባብ ብቻ የተማመነ ቴክኒሽያን የሚያጸድቀው ውፍረት ለክረምት የማይበቃ ነው። ሠልጣኙ አፈሩን ጠንካራ ሆኖ አይቶት ይመረቃል፤ አፈሩ የሚያብጠው እርሱ በሌለበት ነው። ጉዳቱን የሚሸከመው ደግሞ መንገዱን ጠብቆ እህሉን ወደ ገበያ፣ ወላድ ሴትን ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው የቀበሌው ነዋሪ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ዓላማ ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበርና፣ ክረምትን ያላገናዘበ ፍተሻ ከዓላማው ጋር ይጋጫል።

መፍትሔው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት አይጠይቅም። ኮሌጁ በግቢው ወይም በአቅራቢያው በሁለቱ አፈሮች ላይ ቋሚ የመለኪያ ቦታ ቢይዝ፣ በመስከረም፣ በታኅሣሥ፣ በመጋቢትና በሰኔ ያንኑ ነጥብ እየለካ ቢመዘግብ፣ እያንዳንዱ ምድብ ያለፈውን መዝገብ ተረክቦ ይቀጥላል። በዓመታት ውስጥም መዝገቡ ለማስተማሪያና ለምርምር የሚበቃ መረጃ ይሆናል። የጭቃ ቤት ሠሪውም ዕውቀት ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይገባል። ጭድ ቀላቅሎና ረግጦ ለቀናት የሚያቦካው ባለሙያ ስንጥቅን በጭረት መያዝን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልምድ ነው፤ የትኛው አፈር ለግድግዳ እንደሚሆንም ይለያል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ውሳኔ ነው። ስስ የሆነ ዋልካ ተቆፍሮ በገረጋንቲ ይተካል። ወፍራም ሲሆን መሠረቱን እርጥበት ወደማይለዋወጥበት ጥልቀት ማውረድ፣ ወይም አፈሩን በኖራ ማከም ይታሰባል፤ ብዙ ጊዜ ከደረቅ ክብደቱ ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚሆን ኖራ በቂ ቢሆንም መጠኑ በፍተሻ መረጋገጥ አለበት። በሁሉም ሁኔታ ርካሹ መከላከያ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ በግድግዳው ዙሪያ የተነጠፈ ንጣፍና ከሕንፃው የራቀ የዛፍ ተከላ ነው።

ማጠቃለያ

በብቃት ላይ የተመሠረተው ሥርዓት ጥንካሬው ባለሙያው ምን መሥራት እንደሚችል መጠየቁ ነው። በአፈር ረገድ ግን መመዘን ያለበት ብቃት ፍተሻውን መሥራት ብቻ ሳይሆን፣ ውጤቱ የየትኛው ወቅት እንደሆነ አውቆ መተርጎምም ነው። የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች በኮሌጆች የሚያዙትን ወቅታዊ መዝገቦች ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር ቢያገናዝቡ፣ ለምዕራብ ጎጃም አፈሮች የሚስማማ የማስተካከያ መለኪያ ማውጣት ይቻላል። ያ ሲሆን በመጋቢት የሚለካው ቴክኒሽያን ስለ ሐምሌ መናገር ይችላል።