የተለካ መርዝ፦ ለቆዳ ሊምፎማ የሚታዘዘውን ጄል በጥንቃቄ ስለ መጠቀም

ባለፈው ዓመት የጥምቀትን በዓል ለማገልገል በአርዲቦ ሐይቅ አቅራቢያ ወደምትገኝ አንዲት የገጠር አጥቢያ ሄጄ ነበር። አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተኛ ውኃ ነው፤ ትርፉም ወደ ታች ወርዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት ወደ ታላቁ ሐይቅ ይገባል። በከተራው ዕለት ታቦቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ አዛውንት ወደ ጥግ ጠሩኝና፦ «ልጄ ዲያቆን፣ የፈረንጅ ጽሑፍ ታነብባለህ አይደል?» አሉኝ። ከጋቢያቸው ሥርም አንዲት ትንሽ ካርቶን አወጡ።

አባታችን አሜሪካ ከምትኖር ልጃቸው ዘንድ ጥቂት ዓመታት ተቀምጠው ነበር። በዚያ ሳሉ በጭናቸውና በወገባቸው ላይ ለብዙ ጊዜ የቆየው ጠባሳ መሰል ነገር ተመርምሮ የቆዳ ሊምፎማ መሆኑ ተነገራቸው፤ የሚቀባ ጄልም ታዘዘላቸው። አገራቸው መሞት ሽተው ሲመለሱ መድኃኒቱን ይዘው መጡ። ጥያቄያቸው አጭር ነበረች። «ነገ ጸበሉ ሲረጭ ልውጣ፣ ወይስ መድኃኒቱን ተቀብቻለሁና ቤት ልቅር?»

መልሱን ሳላውቅ መመለስ ስላልፈለግሁ ማታ ቤታቸው ሄጄ የመድኃኒቱን መመሪያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። ያን ጊዜ ያስደነገጠኝ የጸበሉ ጉዳይ አልነበረም። ጄሉ የሚቀመጠው ከምድጃው በላይ ባለች መደርደሪያ ነው። ቀቢዋ ባለቤታቸው ናቸው፤ እርሳቸውም የሚቀቡት በባዶ እጃቸው ነው። አንድ ደግ ሙስሊም ጎረቤታቸውም ለልጁ ጭርት ትንሽ እንዲሰጡት ጠይቆ፣ እነርሱም ነገ እንሰጥሃለን ብለውት ነበር። ሦስቱም ስሕተቶች ከፍቅርና ካለማወቅ የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም ግን ሰው ይጎዳሉ። ከዚያ በኋላ ደሴ የቆዳ ሐኪም ጠይቄ የተረዳሁትን ጨምሬ ይህንን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። በውጭ ያላችሁ ምእመናን መድኃኒቱ ሊታዘዝላችሁ ወይም ለወላጆቻችሁ ልትልኩት ትችላላችሁና።

በሽታው

ሊምፎማ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ከሥርዐታቸው ወጥተው ያለ ልክ ሲበዙ የሚመጣ የካንሰር ዓይነት ነው። የቆዳ ሊምፎማ የሚባለው መነሻው ቆዳ ላይ ሲሆን ነው፤ ከእርሱም መካከል በብዛት የሚታየው ማይኮሲስ ፈንጎይድስ ይባላል። በእ.ኤ.አ. 1806 በሽታውን የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም አሊበር እብጠቱ እንጉዳይ ስለ መሰለው ስሙ እንዲህ ሆነ እንጂ በሽታው ከፈንገስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ይህን ማንሣቴ ስሙን ብቻ ሰምቶ የፈንገስ ቅባት የሚገዛ ስለማይጠፋ ነው።

አጀማመሩ አታላይ ነው። ፀሐይ በማያገኛቸው በመቀመጫ፣ በጭን፣ በወገብና በጡት አካባቢ ሻካራ ወይም የሚያሳክክ ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ ለዓመታትም ሳይሰፋ ሊቆይ ይችላል። በእኛ በጥቁሮቹ ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ በተለይም በወጣቶች። ስለዚህ አንዱ ቋቁቻ ነው፣ ሌላው ለምጽ ነው፣ ሦስተኛው የሥጋ ደዌ ነው ይላል። የሥጋ ደዌ ምልክት ያለበት ቆዳ ብዙ ጊዜ ስሜት ያጣል፤ የዚህኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ቁርጡ የሚታወቀው ከቆዳው ናሙና ተቆርጦ ሲመረመር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ናሙናው ደጋግሞ መወሰድ አለበት። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ተማሪ ቦሩ ሜዳን የሚያውቀው በ1870 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ነው፤ የወሎ ሕመምተኛ ግን የሚያውቀው የሥጋ ደዌና የቆዳ ሕሙማን ሲታከሙበት በኖረው ሆስፒታሉ ነው። በአዲስ አበባም አለርት አለ። ወራት አልፈውት ያልሄደ የቆዳ ምልክት ያለበት ሰው ወደ እነዚህ ይሂድ።

በሽታው አይተላለፍም። ከታማሚው ጋር አብሮ መብላትም፣ መሳለምም፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛትም አያስይዝም። በጊዜ ከታወቀ ደግሞ ብዙዎች ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ።

መድኃኒቱ ከየት መጣ?

በጄሉ ውስጥ ያለው ሜክሎሬታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በአሜሪካ ቫልክሎር፣ በአውሮፓ ሌዳጋ በሚል ስም ይሸጣል። ዘሩን የሰማ ኢትዮጵያዊ ሳይደነግጥ አይቀርም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ ሸለቆ፣ በኋላም ከማይጨው በተመለሰው ሠራዊት ላይ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ያዘነቡት የመርዝ ጋዝ «የሰናፍጭ ጋዝ» የሚባለው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር የከሰሱት ስለዚሁ ነበር። ሜክሎሬታሚን የዚያ መርዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በድኝ ፈንታ ናይትሮጅን ገብቶበታል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጉድማንና ጊልማን የተባሉ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መርዙ ነጭ የደም ሕዋሳትን አጥብቆ እንደሚያጠፋ አስተዋሉ። እነዚያው ሕዋሳት ያለ ልክ ለሚበዙበት ሰው ተለክቶ ቢሰጥስ ብለውም በእ.ኤ.አ. 1942 በሊምፎማ ለታመመ ሰው ሰጡት። ዛሬ በካንሰር ላይ የሚሰጡ ብዙ መድኃኒቶች መነሻቸው ይህ ነው። በቆዳ የሚቀባው ጄል በአሜሪካ በእ.ኤ.አ. 2013፣ በአውሮፓ በ2017 ተፈቀደ፤ በውስጡ ያለው የመርዙ መጠን 0.016 በመቶ ብቻ ነው። በ260 ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናት ጄሉን ከተቀቡት ከግማሽ የሚበልጡት የቆዳቸው ምልክት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሷል። እንግዲህ ይህ ነገር ቅባት አይደለም። በሕዋሱ ውስጥ ገብቶ የመባዛት ኃይሉን የሚሰብር የተለካ መርዝ ነው፤ የታመመውን ሕዋስ እንደሚመታ ሁሉ የሚቀባውን ጤነኛ እጅም ይመታል።

አቀባቡ

ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ በቀር የሚቀባው በቀን አንድ ጊዜ፣ በስሱ፣ ምልክቱ ባለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ቆዳው ፈጽሞ ደረቅ መሆን አለበት። ታማሚው ራሱ ከተቀባ እጁን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። ሌላ ሰው የሚቀባለት ከሆነ ግን ቀቢው ናይትራይል የሚባለውን የአንድ ጊዜ ጓንት ማድረግ ይገባዋል፤ ጓንቱን ካወለቀም በኋላ እጁን ይታጠባል። ድንገት ባዶ ቆዳ ከነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ። ዐይን ከገባ በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ዐይንን ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ጄሉን መቀባትም፣ ለሌላ መቀባትም የለባትም፤ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላልና። የምታጠባ እናትም እንዲሁ አትጠቀመው።

ከተቀቡ በኋላ ልብስ ከመልበስ በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ላስቲክ ወይም አየር የማያስገባ ማሰሪያ አይደረግበትም። ቫዝሊን ወይም ሌላ ማለስለሻ የሚቀባ ሰው ከጄሉ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 2 ሰዓት ዘግይቶ ይቀባ። ቅብዐ ቅዱስና የጸበል እምነትን በተመለከተ መመሪያው የሚለው የለም፤ የእኔ ምክር ግን ጄሉ ባለበት ስፍራ ላይ እንዳይደረቡና ለካህኑ አስቀድሞ እንዲነገረው ነው። ግንባርን ወይም ሌላ ስፍራን ማስቀባት ይቻላልና።

ጄሉ አልኮል ስላለበት እስኪደርቅ ድረስ በእሳት ይያያዛል። እኛ ዘንድ እሳት የሌለበት ሰዓት የትኛው ነው? ጧፉ አለ፣ ማዕጠንቱ አለ፣ የቡናው ከሰል አለ፣ ምድጃው አለ። የአባታችን ጄል ከምድጃ በላይ መቀመጡ ያሳሰበኝም ለዚህ ነው። ጧፍ ይዞ ለመቆም የሚሄድ ሰው ጄሉ በደንብ ደርቆ ይሂድ።

ቆዳው ቢቀላ፣ ቢያሳክክ፣ ቢጠቁር የተለመደ ነው፤ ለሐኪም ይነገር። ውኃ ከቋጠረ፣ ከቆሰለ ወይም ክፉኛ ከተቃጠለ ግን ጄሉን ማቆም ግድ ነው። «መድኃኒቱ በሽታውን እየሳበ እያወጣው ነው» ብሎ መታገሥ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ በዚህ መድኃኒት ግን ትዕግሥቱ ሥጋን ያስበላል። ቁስሉ ሲሻል ሐኪሙ በየ3 ቀኑ ያስጀምራል፤ ከተስማማ ቢያንስ ከሳምንት በኋላ በየሁለት ቀኑ ያደርገዋል፤ ከዚያም እንደገና ቢያንስ ሳምንት ቆይቶ ወደ ዕለት ዕለት ይመልሰዋል። ጄሉን የሚጠቀሙ ሰዎች ሌላ የቆዳ ካንሰር እንዳይነሣባቸው፣ ጄሉ ያልነካውንም ቆዳ ጭምር በየጊዜው መታየት አለባቸው።

ስለ ጸበሉ

ለአባታችን ጥያቄ መልሱ ከመመሪያው ወጣ። ጄሉ ከተቀባ በኋላ ቆዳውን ውኃ ሳይነካው ቢያንስ 4 ሰዓት መቆየት አለበት፤ ከታጠቡ በኋላም ለመቀባት ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። እርሳቸው የተቀቡት ከከተራው ማታ ነው፤ ጸበሉ የሚረጨው ጠዋት ነው። ስለዚህ «ይውጡ እንጂ አባባ» አልኳቸው። በጸበል ለሚቆይ ሰውም ሥርዐቱ ይኸው ነው። ንጋት ላይ ይጠመቃል፣ ቀኑን ሙሉ ቆዳው ይደርቃል፣ ማታ ይቀባል። አጥማቂውም ሰውነቱን የሚያሽ ከሆነ ጄል ያለበትን ስፍራ እንዳይነካ ይነገረው። ጸበሉን መጠጣት ከጄሉ ጋር የሚያጋጨው ነገር የለም።

አንዳንዶች መድኃኒቱን ማቆም የእምነት ምልክት ይመስላቸዋል፤ «ጸበል ገብቼ መድኃኒት እንዴት እቀባለሁ?» ይላሉ። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጸልዮ፣ አልቅሶ፣ የዕድሜ ጭማሪም ከእግዚአብሔር ተሰጥቶት ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ተስፋው አስቀድሞ መጣ፤ የሚለጠፈው መድኃኒት ግን አልቀረም። ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትን እንዳንንቅ ያስተምራል። ይህ በእኛ አጥቢያዎች በቂ ስብከት አልተሰጠበትም ብዬ አምናለሁ፤ ጥፋቱም ከምእመናኑ ይልቅ የእኛ የአገልጋዮቹ ነው።

ለጎረቤት ስለ ማካፈል

ለጎረቤታቸው ራሴ ሄጄ ነገርኩት። ጭርት ፈንገስ ነው፤ የራስ ጭርት የሚድነው በጤና ጣቢያ በሚታዘዝ፣ በሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ይህ ጄል በልጁ ጭንቅላት ላይ ቢቀባ ጭርቱን አያድነውም፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ሰውዬው ሳቀና፦ «እኛማ የአሜሪካ ነገር ሁሉ መልካም ይመስለናል» አለኝ። በማግሥቱ ልጁን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ።

ከጎረቤት የማይበልጥ አደጋ ያለው በገበያ ነው ማለት አይቻልም። ሐኪም ሳያዝ ከየሱቁ የሚገዙት ኃይለኛ የስቴሮይድ ክሬሞች ፊት ለማቅላት ተብለው በየቤቱ አሉ። ምልክቱን ለጊዜው ያደበዝዙታል፤ ሐኪሙ ናሙና ሲወስድም እውነቱን ሊሰውሩበት ይችላሉ። የተቀባችሁትን ሁሉ፣ ቢያሳፍርም፣ ለሐኪሙ ንገሩት።

የፍሪጅ ጉዳይ

ጄሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ፣ ከነካርቶኑ፣ ከምግብ ተለይቶ፣ ልጆች በማይደርሱበት መቀመጥ አለበት። ከፍሪጅ ከወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ተቀብቶ ወዲያው ይመለሳል። በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ የቆየውን ከመጠቀም በፊት ፋርማሲስት መጠየቅ ይገባል። ያልተጠቀሙበትም ቢሆን ከ60 ቀን በኋላ ይወገዳል፤ ትራፊው ግን በየቦታው አይጣልም፣ ወደ ፋርማሲ ይመለሳል እንጂ። ከውጭ የምትልኩ ልጆች ሆይ፣ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ጠቅልላችሁ የላካችሁት መድኃኒት ወሎ ሲደርስ መድኃኒት ላይሆን ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ወላጆቻችሁ ቤት ፍሪጅ መኖሩን፣ መብራቱ መቆየቱን፣ አቅራቢያቸውም የሚከታተላቸው የቆዳ ሐኪም መኖሩን ጠይቁ።

በአባታችን ቤት መብራት የለም። ከምድጃው በላይ የሰነበተውን ጄል ሐኪሙ እንዳይጠቀሙበት ስለ ከለከላቸው ለፋርማሲ መለሱት። ሌላ እስኪመጣላቸውም ሐይቅ ከተማ ወደምትኖረው የእኅታቸው ልጅ ቤት ገቡ፤ እርሷ ፍሪጅ አላት፣ ደሴም ለመሄድ ይቀርባቸዋል። ባለቤታቸው አርዲቦን ትተው መውጣት አልወደዱም ነበር። በመጨረሻ ግን ዶሮዎቻቸውን ለዚያው ለጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው፣ አንድ ካርቶን ጓንት ይዘው ተከተሏቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር