«በጣም እስማማለሁ» ስንት ነው? የደረጃ መጠይቅ መልሶች አተናተን

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ገጠር መጠይቅ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብርቅ አይደለም። የማስተርስ ተማሪው ስለ ግብርና ኤክስቴንሽን፣ የጤና ባለሙያው ስለ ሕክምና አገልግሎት፣ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ስለ ተጠቃሚዎች እርካታ ይጠይቃል። የሁሉም መልክ አንድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ይነበባል፣ መልሱ «በጣም አልስማማም» ከሚለው 1 እስከ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው 5 ድረስ ካሉት ይመረጣል።

አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1932 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሬንሲስ ሊከርት ነው። ሊከርት አንድን አመለካከት በብዙ ዓረፍተ ነገሮች ጠይቆ ነጥቡን ይደምር ነበር፤ መለኪያው ድምሩ ነው። ዛሬ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ግን ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው አማካይ ይወጣና እስከ 3.39 «ዝቅተኛ»፣ እስከ 3.79 «መካከለኛ»፣ ከ3.80 ጀምሮ «ከፍተኛ» ይባላል። ይህ ወሰን ለጃቢ ጠህናን ወረዳ ገበሬ ለምን እንደሚሠራ ሲብራራ እምብዛም አይታይም።

ክርክሩ የቆየ ነው። ስታንሊ ስሚዝ ስቲቨንስ በ1946 መለኪያዎችን በአራት ሲከፍል፣ ቅደም ተከተልን ብቻ ለሚናገር ቁጥር አማካይ ማውጣት አግባብ አይደለም የሚል መከራከሪያ አቀረበ። 5 ከ4 እንደሚበልጥ እናውቃለን፤ በምን ያህል እንደሚበልጥ አናውቅም። ሌሎች ደግሞ የብዙ ጥያቄዎች ድምር ከሆነ አማካዩ ብዙም አያሳስትም ይላሉ። ለእኔ ለድምሩ አማካይ ያስኬዳል፤ ለነጠላ ጥያቄ ግን የየደረጃው መቶኛ መቅረብ አለበት። «ማዳበሪያ በወቅቱ ይደርሰኛል» የሚል ጥያቄ ለሁለት ቀበሌዎች አሥር አሥር ገበሬዎች ቀረበ እንበል። በአንዱ አሥሩም 3 ቢሉ፣ በሌላው አምስቱ 1፣ አምስቱ 5 ቢሉ፣ የሁለቱም አማካይ 3 ነው። በሁለተኛው ቀበሌ ግማሹ ገበሬ ዘር ይዞ ማዳበሪያ እየጠበቀ መሆኑን አማካዩ ይደብቀዋል። ቡድኖችን ለማወዳደርም የማን-ዊትኒ (1947) እና የክሩስካል-ዋሊስ (1952) ፍተሻዎች ለደረጃ መረጃ የሚስማሙ ናቸው።

ከስሌቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መልሱ የሚሰጥበት መንገድ ነው። «አባባ፣ በባለሙያው አገልግሎት ረክተዋል?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ደኅና ነው» ይላሉ። መረጃ ሰብሳቢው ይህን 3 ይበለው ወይስ 4? የቀበሌው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ከሆነስ? እንግዳን ላለማሳፈርና ነገር ላለማብዛት የተሰጠ «እስማማለሁ» ከልብ ከሆነው ጋር በአንድ ሳጥን ይገባል። የጥያቄዎችን እርስ በርስ መጣጣም የሚለካው የ1951ዱ የክሮንባኽ አልፋም ከዚህ አያድንም፤ አንዳንድ ሰዎች ለሁሉም ጥያቄ «እስማማለሁ» ካሉ አልፋው እንዲያውም ከፍ ሊል ይችላል። ማስተካከያ ተብለው የሚገቡት አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮችም ችግር አላቸው፤ «ባለሙያው አይመጣም» ለሚለው «አልስማማም» ብሎ መመለስ ለሚያዳምጥ ሰው ቀላል አይደለም።

የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ተቋም አፍሮባሮሜትር እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ 2,400 ሰዎችን ሲጠይቅ ለአገሪቱ ዴሞክራሲ የተሰጠው ግምገማ እጅግ ከፍተኛ ሆነ። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ፍርሃት፣ አለማወቅ ወይስ ለዴሞክራሲ የተለየ ግንዛቤ እንደሆነ መረመሩ። የዚያ ተቋም መጠይቅ በመጨረሻው ማን የላከን ይመስልዎታል ብሎ መጠየቁን እያንዳንዱ አጥኚ ሊወርሰው ይገባል። በቡታጅራ አካባቢ በወላድ እናቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናትም፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አራት ደረጃ መልስ ያለው የኤዲንብራ የድኅረ ወሊድ ድብርት መለኪያ ደካማ ሆኖ፣ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሚጠይቀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ እንደተሻለ አሳይቷል። ልዩነቱን ያመጣው የደረጃው ብዛት ብቻ ነው ባይባልም፣ ደረጃ በበዛ ቁጥር ልኬት ይጠራል የሚለውን እምነት ይፈትናል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የቀጠለው ግጭት ሌላ ሸክም ጨምሯል። ያልተደረሰበት ቀበሌና «አላውቅም» ያለ ሰው ከሠንጠረዡ ሲወጡ፣ የሚቀረው ለመናገር የደፈረው ወይም የተመቸው ሰው ድምፅ ነው።

ስለዚህ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለምታማክሩ መምህራን፦ ተማሪው አማካዩን ከማሳየቱ በፊት የየደረጃውን መቶኛ ከነ«አላውቅም» ያሳያችሁ፤ መጠይቁንም ገጠር ከመውረዱ በፊት ለጥቂት ገበሬዎች አንብቦ እንዴት እንደተረዱት ይጠይቅ።